በዋይልድካርድ የሜሞሪ ኤረር ሪፖርትን ዝም ማሰኘት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቫልግሪንድን (ፕሮግራም ሲሰራ የሜሞሪ ስህተቱን የሚከታተል ቱል ነው) ፕሮግራማችሁ ላይ ስትለቁት ስክሪኑ ሙሉ ኤረር ያዘንባል፣ ግማሹ ደግሞ እናንተ ባልጻፋችሁት ላይብረሪ ውስጥ ነው። ያኔ ሰው ሁሉ የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፣ ይሄን ጫጫታ ዝም የሚያሰኝልኝ መስመር የት አለ። መስመሩ አለ፣ ስሙ ሰፕሬሽን ነው፣ ዋይልድካርድ (ማንኛውንም ፊደል ወይም መስመር የሚተካ ምልክት) ሲጨመርበት ደግሞ በጣም ጉልበተኛ ይሆናል፣ አንዳንዴ ከሚገባው በላይ። ከታች ያሉት ጥያቄዎች ደጋግመው የተጠየቅኳቸው ናቸው፣ ሁለት ሶስቱን እኔው ራሴ ሌላ ሰው የጠየቅኳቸው ናቸው።

አንድ ነገር ላስቀድም፦ እዚህ ያሉት የፈንክሽንም የኦፕሽንም ስሞች በኛው ፊደል ነው የተጻፉት። ፋይሉ ውስጥ የሚገባው ዋናው የላቲን ስማቸው ስለሆነ ምሳሌዎቹን እንዳሉ ኮፒ ብታደርጉ አይሰሩም።

ሰፕሬሽን ምን ያደርጋል? ኤረሩን ያጠፋዋል?

አያጠፋውም። ኤረሩ እዛው አለ፣ ፕሮግራሙም ያንኑ ስህተት ይሰራል፣ ቫልግሪንድም ያየዋል፣ ብቻ ለናንተ አይነግራችሁም። መጨረሻ ላይ በሚያወጣው ማጠቃለያ ላይ "ሰፕሬስድ" ብሎ ስንት እንደደበቀ ይቆጥራል፣ በቃ። ይሄ ልዩነት ቀላል ይመስላል ግን ብዙ ሰው የኤረር ቁጥሩ ዜሮ ሲሆን "ተስተካከለ" ብሎ ሲዘጋው አይቻለሁ።

ታዲያ ለምን ኮዱን አስተካክዬ አልገላገልም?

ኮዱ የናንተ ከሆነና ኤረሩ እውነተኛ ከሆነ አዎ አስተካክሉት፣ ሰፕሬሽን አትጻፉ። የሰው ላይብረሪ ከሆነ ግን፣ በተለይ ለምን እንደዛ እንደተጻፈ ያልገባችሁ ኮድ ከሆነ፣ ሪፖርቱን ዝም ለማሰኘት ብቻ ኮዱን መነካካት ከሰፕሬሽን የባሰ ነገር ያመጣል። ዴቢያን የሚባለው ሊኑክስ ላይ የሆነውን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። በ2006 እ.ኤ.አ. ቫልግሪንድ ኦፕንኤስኤስኤል በሚባለው የማመስጠሪያ ላይብረሪ ውስጥ ኢኒሻላይዝ ያልተደረገ (መነሻ ዋጋ ያልተሰጠው) ሜሞሪ ጥቅም ላይ ዋለ እያለ ስላስቸገረ የዴቢያኑ ፓኬጅ ላይ ሁለት መስመር ኮሜንት ተደርጎ ወጣ። ከሁለቱ አንዷ ለራንደም ቁጥር ማመንጫው ዋናውን ግብዓት የምታስገባዋ መስመር ነበረች። ከዛ በኋላ የተረፈው የሚለያይ ነገር የፕሮሰሱ መለያ ቁጥር ብቻ ሆነ፣ እሱ ደግሞ ከ32,768 አያልፍም፣ ማለትም በነዛ ማሽኖች ላይ የሚፈጠር ቁልፍ ሁሉ ተዘርዝሮ የሚያልቅ ሆነ። የታወቀው በግንቦት 2008 እ.ኤ.አ. ነው፣ ኡቡንቱም አብሮ ተነክቷል። አንድ ሰፕሬሽን ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ቫልግሪንድም ዝም ይል ነበር፣ ራንደሙም ራንደም ሆኖ ይቀር ነበር።

ፋይሉ ምን ይመስላል?

ተራ የጽሁፍ ፋይል ነው። አንዱ ሰፕሬሽን በጠማማ ቅንፍ ይከፈታል በጠማማ ቅንፍ ይዘጋል፣ ቅንፉ ለብቻው መስመር ላይ ነው የሚሆነው። ውስጡ የመጀመሪያው መስመር እናንተ የምታወጡለት ስም ነው፣ ሁለተኛው የቱሉ ስም (ሜምቼክ የቫልግሪንድ ሜሞሪ ፈታሹ ነው) እና የኤረሩ ዓይነት (ሊክ ማለት ተይዞ ያልተለቀቀ ሜሞሪ ነው)፣ ከዛ በታች ስታክ ትሬሱ ከላይ ወደታች፣ ማለትም ማን ማንን እንደጠራ የሚያሳየው የፈንክሽኖች ዝርዝር፣ እያንዳንዱ መስመሩ ፍሬም ይባላል። እንዲህ፦

{
   ትሬድ ሲከፈት የሚያዝ ቲኤልኤስ
   ሜምቼክ:ሊክ
   ማች-ሊክ-ካይንድስ: ፖሲብል
   ፈን:ካሎክ
   ...
   ፈን:_ዲኤል_አሎኬት_ቲኤልኤስ
   ...
   ፈን:ፒትሬድ_ክሪኤት*
}

ማች-ሊክ-ካይንድስ የሚለው መስመር ሊክ ላይ ብቻ የሚገባ ነው፣ ከታች እመለስበታለሁ። "ፈን" ያለው የፈንክሽን ስም ነው፣ በሱ ቦታ "ኦብጅ" ካላችሁ የላይብረሪው ወይም የፕሮግራሙ ፋይል ሙሉ ፓዝ ነው። በ# የሚጀምር መስመር ኮሜንት ነው፣ ተጠቀሙበት፣ ለምን እንደጻፋችሁት ከስድስት ወር በኋላ አታስታውሱም።

ምሳሌውን ዝም ብዬ አልመረጥኩትም፣ ትሬድ የሚከፍት ፕሮግራም ላይ ቫልግሪንድ የለቀቀ ሰው ይሄን "ፖሲብሊ ሎስት" (ምናልባት የጠፋ) የሚል ሪፖርት ሳያየው አይቀርም። መጨረሻ ላይ ያለችውን ኮከብ ተመልከቱ። ትሬሱ ላይ ስሙ የሚወጣው ከነቨርዥኑ ስለሆነ ድሮ ፒትሬድ_ክሪኤት@@ጂሊብሲ_2.2.5 የነበረው፣ በ2021 እ.ኤ.አ. በወጣው ጂሊብሲ (የሊኑክሱ ዋና የሲ ላይብረሪ) 2.34 የፒትሬድ ላይብረሪው ከዋናው ሲ ላይብረሪ ጋር ሲቀላቀል ፒትሬድ_ክሪኤት@@ጂሊብሲ_2.34 ሆነ። ኮከቧን ያልጻፈ ሰው ሲስተሙን አፕዴት ባደረገ ማግስት ያ ሁሉ ዝም ያለ ሪፖርት ተመልሶ መጣበት።

እግረ መንገዴን ግን፣ ይሄ ሪፖርት ሁልጊዜ ውሸት አይደለም። ፕሮግራሙ ሲያልቅ ጆይን ያልተደረገ (ማለቁ ያልተጠበቀ) ትሬድ አለ ማለት ነው። አውቃችሁ የተዋችሁት ከሆነ ሰፕሬስ አድርጉት፣ ጆይን ማድረግ ረስታችሁ ከሆነ ግን ነግሯችኋል።

ኮከብ፣ ጥያቄ ምልክትና ሦስት ነጥብ ልዩነታቸው ምንድነው?

ኮከብ (*) አንድ መስመር ውስጥ ነው የሚሰራው፣ ባዶም ይሁን ስንትም ፊደል ይሁን ይቀበላል። ጥያቄ ምልክት (?) በትክክል አንድ ፊደል። ሦስት ነጥብ (...) ለብቻው መስመር ይዞ ይቀመጥና ስንትም ፍሬም ይተካል፣ ዜሮ ፍሬምም ጭምር።

የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ስም ላይ ነው የሚሰሩት፣ ሦስተኛው ስታኩ ላይ። ሰው የሚያምታታው እዚህ ጋ ነው፣ "ፈን:*" ማለት ምንም ስም ያለው አንድ ፍሬም ማለት ነው እንጂ ብዙ ፍሬም ማለት አይደለም። መሀል ላይ አራት ፍሬም መዝለል ፈልጋችሁ አራት ጊዜ "ፈን:*" ከጻፋችሁ ልክ አራት ሲሆን ብቻ ይሰራል፣ ነገ ኮምፓይለሩ አንዱን ኢንላይን ሲያደርገውና (ወደ ጠሪው ሲያዋህደውና) ሦስት ሲሆን ይሰበራል።

ሬጉላር ኤክስፕሬሽንም አይደለም። ነጥብ ነጥብ ናት በቃ። ".*ዲኮድ" ብላችሁ ከጻፋችሁ ስሙ በነጥብ የሚጀምር ፈንክሽን ነው የሚፈልገው፣ አያገኝም፣ እናንተም ለምን እንደማይሰራ ግማሽ ቀን ትፈልጋላችሁ።

ሁለተኛው መስመር ላይ፣ የኤረሩ ዓይነት ላይ ማለቴ ነው፣ ኮከብ አይሰራም። አድር4 እና አድር8 (ባለ 4 እና ባለ 8 ባይት የተሳሳተ ንባብ ወይም ጽሕፈት) የተለያዩ ናቸው፣ ሁለቱም ከመጡባችሁ ሁለት ሰፕሬሽን ነው የምትጽፉት።

ጻፍኩት፣ ግን ኤረሩ አሁንም ይወጣል። ምን አጠፋሁ?

ብዙ ጊዜ ከነዚህ አንዱ ነው።

ማመሳሰሉ የሚጀምረው ከስታኩ አናት ነው፣ ማለትም ኤረሩ የተፈጠረበት ወይም ሜሞሪው የተያዘበት ቦታ። ሊክ ከሆነ አናቱ ላይ ያለው ሜሞሪ የሚይዘው ፈንክሽን፣ ማሎክ ወይም ካሎክ ነው፣ ስለዚህ "ፈን:ዲኮድ_ኦፕን" ብቻ ብላችሁ ከጀመራችሁ አናቱ ላይ ማሎክን ሲያገኝ "ይሄ አይደለም" ብሎ ያልፋል። ማሎክን አስቀድሙ ወይም ከላይ ሦስት ነጥብ አድርጉ። ወደታች ግን መጨረስ የለባችሁም፣ የናንተ መስመሮች ካለቁና እስከዛ ከተመሳሰለ በቂ ነው። ለዛ ነው መጨረሻ ላይ ሦስት ነጥብ መጨመር ጥቅም የሌለው፣ አይጎዳም ግን ምንም አይጨምርም።

"ኦብጅ" ላይ ሙሉ ፓዝ ነው የሚታየው። "ኦብጅ:ሊብዲኮድ.ሶ" ብላችሁ ከጻፋችሁ አይመሳሰልም ምክንያቱም ትክክለኛው ነገር ከስሩ ጀምሮ ነው የሚጻፈው። ከፊት */ አድርጉ፣ ከኋላ ደግሞ ለቨርዥን ቁጥሩ ኮከብ፦ "ኦብጅ:*/ሊብዲኮድ.ሶ*"። ከፊት ያለችውን ስላሽ አትርሷት፣ ያለሷ ስሙ በዛ የሚያልቅ ሌላ ላይብረሪም ይገባላችኋል።

ስሙ ጅራት አውጥቶ ሊሆን ይችላል። ኮምፓይለሩ ጂሲሲ ኦፕቲማይዝ ሲያደርግ የፈንክሽኑን ቅጂ ይሰራና መጨረሻው ላይ .ኮንስትፕሮፕ.0 ወይም .ኢስራ.0 ወይም .ፓርት.0 ይቀጥልበታል፣ በዲበግ ቢልድ ላይ የሰራ ሰፕሬሽን በሪሊዝ ቢልድ ላይ የማይሰራው ብዙ ጊዜ ለዚህ ነው። መጨረሻው ላይ ኮከብ ማድረግ ይፈታዋል።

"እኔ ማሽን ላይ ይሰራል ሰርቨሩ ላይ አይሰራም" ከሆነ ደግሞ ጂሊብሲ የስትሪንግና የሜሞሪ ፈንክሽኖችን እንደ ፕሮሰሰሩ እየመረጠ ነው የሚጠቀመው፣ አንዱ ማሽን ላይ ስሙ በኤቪኤክስ2 የሚያልቀው ሌላው ላይ በኤስኤስኢ2 ያልቃል። እዚህ ላይ ኮከብ የግድ ነው።

እና ደግሞ ስታኩ ተቆርጦ ሊሆን ይችላል። ቫልግሪንድ በዲፎልት 12 ፍሬም ብቻ ነው የሚይዘው፣ የምትፈልጉት ፈንክሽን 15ኛው ላይ ከሆነ ሦስት ነጥብም አያድናችሁም ምክንያቱም እዛ ድረስ ትሬሱ የለም። ነም-ኮለርስ የሚለውን ኦፕሽን ከፍ አድርጉት፣ እስከ 500 ይሄዳል።

የሲ++ ፈንክሽን ስም ላይ ለምን አይሰራልኝም?

ሪፖርቱ ላይ የምታዩት ተፈትቶ ለሰው እንዲነበብ የተደረገውን ስም ነው፣ ሰፕሬሽኑ የሚፈልገው ግን ኮምፓይለሩ የሰጠውን የተጠማዘዘውን፣ ማንግልድ የሚባለውን ስም ነው፣ በ_ዜድ የሚጀምረውን። ዲማንግል የሚለውን ኦፕሽን ኖ ብላችሁ ብታስኬዱት ትክክለኛው ስም ይወጣላችኋል፣ ወይም ቫልግሪንድ ራሱ እንዲያመነጭላችሁ አድርጉ፣ እሱ ሲያመነጭ ማንግልዱን ነው የሚጽፈው።

ጥያቄ ምልክት በደንብ የሚጠቅመው እዚህ ነው። ኒው የሚለው ኦፐሬተር በ64 ቢት ላይ መጨረሻው ኤም ነው፣ በ32 ቢት ላይ ጄ፣ ሌላው አንድ ነው። የመጨረሻዋን ፊደል በ? ስትተኩ አንዱ ሰፕሬሽን ለሁለቱም ይሆናል። ቴምፕሌት ሲበዛ ግን ስሙ ሁለት መስመር ሙሉ ስለሚሆን ሁሉንም ከመጻፍ የክላሱንና የሜተዱን ስም ይዞ ዙሪያውን ኮከብ ማድረግ ይሻላል። ማንግልድ ስም ውስጥ ከስሙ በፊት የፊደሉ ብዛት በቁጥር ስለሚገባ ያንን ቁጥር ጨምራችሁ ያዙት፣ "11ዲኮደርቤዝ" አይነት ነገር (የሚቆጠረው የላቲኑ ፊደል ነው)፣ እንደዛ ካደረጋችሁ ይሄንኑ ስም በውስጡ የያዘ ሌላ ክላስ በስህተት አይገባም።

ትሬሱ ላይ ሦስት ጥያቄ ምልክት (???) ነው ያለው፣ ምን ልጻፍ?

ይሄ የጥያቄ ምልክት ዋይልድካርድ አይደለም፣ ቫልግሪንድ "የማን ፍሬም እንደሆነ አላወቅኩም" ማለቱ ነው። የሚሆነው ብዙ ጊዜ ፕለጊን ተከፍቶ ከተዘጋ በኋላ ነው፣ ሊኩ የሚዘገበው ፕሮግራሙ ሲያልቅ ስለሆነ እስከዛ ላይብረሪው ከሜሞሪ ወጥቷል። ሰፕሬሽን አመንጭልኝ ስትሉት ለነዚህ "ኦብጅ:*" ብሎ ይጽፋል።

እባካችሁ ያንን እንዳለ አትቀበሉት። ከማሎክ በታች አምስት "ኦብጅ:*" ማለት ማንኛውም ከአምስት ፍሬም በላይ ያለው ሊክ ሁሉ ማለት ነው። መጀመሪያ ኪፕ-ዲበግኢንፎ የሚለውን ኦፕሽን የስ አድርጋችሁ እንደገና አስኪዱ፣ የተዘጋውን ላይብረሪ ሲምቦል ይይዝላችኋል፣ ከዛ ስም ባለው ፍሬም ጻፉ።

ለምን ሁሉንም በአንድ ኮከብ አልጨርሰውም?

እኔም እንደዛ ብዬ ነበር። አንድ የምሰራበት ቦታ ሚዲያ የሚፈታ ላይብረሪ ነበረን፣ ሊብዲኮድ እንበለው፣ በየሩኑ አርባ ምናምን ሊክ ይዘግባል። ሰለቸኝና እንዲህ ጻፍኩ፦

{
   ሊብዲኮድ በቃኝ
   ሜምቼክ:ሊክ
   ...
   ኦብጅ:*/ሊብዲኮድ.ሶ*
}

ጸጥ አለ። ደስ አለኝ። ሦስት ሳምንት ቆይቶ ፕሮግራሙ ረጅም ሰዓት ሲሰራ ሜሞሪው እያበጠ እያበጠ መሄድ ጀመረ፣ ቫልግሪንድ ላይ አስኬድነው ዜሮ ኤረር፣ ሌላ ቱል ላይ አስኬድነው፣ ሎግ ጨመርን፣ የቀረን ነገር የለም። በመጨረሻ አንድ ባልደረባዬ "ሰፕሬሽኑን አውጥተህ አስኪደው እስቲ" አለኝ፣ አወጣሁት፣ ሊኩ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ቁጭ ብሎ አገኘሁት።

የሆነው ምን መሰላችሁ፣ ሊብዲኮድ እያንዳንዱን የሚዲያ ፍሬም (የስታኩን አይደለም) ሲፈታ የኛን ኮልባክ፣ ማለትም እኛ የሰጠነውን ፈንክሽን፣ ይጠራል፣ ኮልባካችን ውስጥ ደግሞ እኛው ማሎክ አድርገን ፍሪ የማናደርገው ነገር ነበር። ስታኩ ከላይ ወደታች ማሎክ፣ የኛ ኮልባክ፣ ሊብዲኮድ፣ ሊብዲኮድ፣ ሜይን ነው። እኔ ከላይ ያስቀመጥኳት ሦስት ነጥብ ማሎኩንም የኛንም ኮልባክ ዋጠቻቸው፣ ከታች ሊብዲኮድ ሲገኝ ተመሳሰለ። "በሊብዲኮድ በኩል ያለፈ ሊክ ሁሉ" ብዬ ነበር የጻፍኩት፣ ማለት የፈለግኩት ግን "ሊብዲኮድ ራሱ የያዘው ሜሞሪ" ነበር።

ሁለተኛውን ለማለት እንዲህ ነው የሚጻፈው፦

{
   ሊብዲኮድ ራሱ የያዘው
   ሜምቼክ:ሊክ
   ፈን:*አሎክ
   ኦብጅ:*/ሊብዲኮድ.ሶ*
}

ሦስት ነጥቧ የለችም። አሎኬት ያደረገውን ፈንክሽን የጠራው ቀጥታ ሊብዲኮድ መሆን አለበት፣ መሀል የኛ ኮድ ካለ አይመሳሰልም። "*አሎክ" ማሎክንም ካሎክንም ሪያሎክንም ይይዛል፣ በኛ ፊደል አይመስልም ግን በላቲኑ ሲጻፉ ሦስቱም በአንድ ፊደላት ነው የሚያልቁት። ላይብረሪው በስትርዱፕ በኩል ሲይዝ መሀል አንድ የሲ ላይብረሪ ፍሬም ስለሚገባ ለሱ ሌላ ሰፕሬሽን ጨመርኩ። አርባው ሪፖርት በሁለት ሰፕሬሽን አለቀ፣ የኛው ሊክ ብቻ ሜዳ ላይ ቀረ።

ከዛ ወዲህ የሰው ሰፕሬሽን ሪቪው ሳደርግ ኮከቡን ብዙም አላየውም፣ መጀመሪያ የማየው ሦስት ነጥቡ የት ጋ እንዳለ ነው። በነገራችን ላይ ቫልግሪንድ ራሱ ሦስት ነጥብ ብቻ ያለውን ሰፕሬሽን አልቀበልም ይላል፣ ቢያንስ አንድ ሌላ መስመር ይፈልጋል። "ኦብጅ:*" ግን እንደ ሌላ መስመር ይቆጠርለታል፣ ስለዚህ ራሱን ማጥፋት የፈለገ ሰው አይከለከልም።

ከባዶ መጻፍ አለብኝ? የሚያመነጭልኝ የለም?

አለ፣ ጄን-ሰፕሬሽንስ የሚለው ኦፕሽን። የስ ካላችሁት በየኤረሩ እየቆመ ይጠይቃችኋል፣ ኦል ካላችሁት ሳይጠይቅ ለሁሉም ያትማል። እኔ ኦል አድርጌ ሎግ ፋይል ውስጥ እጨምረውና ከዛ እየለቀምኩ አወጣለሁ።

የሚያመነጨው ግን ጥሬ ነው። ሙሉውን ስታክ እስከ ሜይን ድረስ ይጽፋል፣ ያ ማለት ያንኑ ላይብረሪ ከሌላ ቦታ ስትጠሩት አይመሳሰልም። እና እንዲህ አድርጉ፦ ከታች ጀምራችሁ የናንተን ፈንክሽኖች በሙሉ ቁረጡ፣ የመጨረሻው መስመር የላይብረሪው በር ይሁን፣ ማለትም እናንተ የምትጠሩት ፈንክሽን። ከዛ ከአናቱ እስከ በሩ ያለውን ተመልከቱ፣ የውስጥ የውስጥ ፈንክሽኖች ከሆኑ በሦስት ነጥብ ተኩ፣ ግን እዛ መሀል ኮልባክ ሊገባ አይችልም ወይ ብላችሁ ጠይቁ። መጨረሻ ላይ የቨርዥን ቁጥርና ጅራት ያለበት ቦታ ኮከብ።

እና ስም ስጡት። የሚያመነጨው "እዚህ ስም አስገባ" የሚል መሙያ ይዞ ነው የሚመጣው፣ ሰላሳ ሰፕሬሽን ሁሉም በዛ ስም ያለበት ፋይል አይቻለሁ፣ የትኛው እንደሰራ ለማወቅ የመስመር ቁጥር እየቆጠሩ ነው።

ማች-ሊክ-ካይንድስ የሚለውን መስመር ብተወው ምን ይሆናል?

ያንን ስታክ ያለው ሊክ ዓይነቱ ምንም ይሁን ምን ይታፈናል፣ ዴፊኒትም (በርግጥ የጠፋ)፣ ኢንዳይሬክትም (በጠፋው በኩል የጠፋ)፣ ፖሲብልም (ምናልባት የጠፋ)፣ ሪቸብልም (አሁንም የሚደረስበት)። ከላይ ያለው የትሬዱ ምሳሌ ላይ ፖሲብል ብቻ ያልኩት ለዛ ነው፣ አንድ ቀን እዛው ቦታ በርግጥ የጠፋ ሜሞሪ ከመጣ ማየት እፈልጋለሁ። ሪቸብል ሲሆን ግን፣ ላይብረሪው አንዴ ይዞ እስከመጨረሻው የሚጠቀምበት ከሆነ፣ ብዙ አትጨነቁበት።

ሰፕሬሽኔ እየሰራ መሆኑን፣ ያረጀውንም እንዴት ልወቅ?

በ-ቪ ብታስኬዱት፣ አዲሶቹ ቨርዥኖች ላይ በ-ኤስ፣ መጨረሻ ላይ የትኛው ሰፕሬሽን ስንት ጊዜ እንደተጠቀመ ከነፋይሉና ከነመስመሩ ይዘረዝራል። ቁጥሩን እዩት። ትላንት 6 የነበረው ዛሬ 4,000 ከሆነ አንድ ሰፊ ኮከብ አዲስ ነገር መዋጥ ጀምራለች። ዝርዝሩ ላይ ጭራሽ ያልወጣው ደግሞ ማንንም አልያዘም፣ ሁሉንም ቴስት አስኪዳችሁ አሁንም ካልወጣ አውጡት፣ ላይብረሪው ተስተካክሎ ሊሆን ይችላል። ሁለት ሰፕሬሽን አንድ ኤረር ላይ ከተመሳሰሉ ለአንዱ ብቻ ነው የሚቆጥረው፣ እሱን አትርሱ፣ ያልተቆጠረው የሞተ መስሏችሁ ልትሸወዱ ትችላላችሁ።

ይሄንኑ ፋይል ለሊክ ሳኒታይዘር (ሊክ ለሚፈልገው ሌላ ቱል) ልስጠው?

አይሆንም፣ ፎርማቱም ህጉም ሌላ ነው። እሱ ላይ አንድ መስመር ነው በቃ፣ "ሊክ:" ብላችሁ ፓተርኑን። ቅንፍ የለም፣ የፍሬም ቅደም ተከተል የለም፣ ከስታኩ ውስጥ አንዱ ፍሬም የፈንክሽኑ ስም ወይም የሶርስ ፋይሉ ወይም የላይብረሪው ስም ከተመሳሰለ ያልፋል።

ዋናው ወጥመድ ይሄ ነው፦ ቫልግሪንድ ላይ "ፈን:ኢኒት" ማለት ስሙ በሙሉ ኢኒት የሆነ ብቻ ነው። ሊክ ሳኒታይዘር ላይ "ሊክ:ኢኒት" ማለት ኢኒት የሚለው የትም ቦታ ያለበት ስም ሁሉ ነው፣ ኮከብ ሳትጽፉ ሁለቱም ጎን ኮከብ አለ ማለት ይቻላል። ይሄ ደግሞ በጣም ሰፊ ነው፣ ግማሽ ፕሮግራማችሁ ኢኒት የሚል ስም አለበት። መጀመሪያው ላይ ^ ካደረጋችሁ ከስሙ መነሻ፣ መጨረሻ ላይ የዶላር ምልክት ካደረጋችሁ እስከ ስሙ መጨረሻ ይታሰራል። ጥያቄ ምልክት እዚህ ዋይልድካርድ አይደለም፣ ራሱን ጥያቄ ምልክትን ነው የሚፈልገው። የሲ++ ስሙ ደግሞ የተፈታው ነው፣ ማንግልዱ አይደለም፣ ከቫልግሪንድ ተገልብጦ ማለት ነው። ሲምቦላይዘሩ (አድራሻን ወደ ስም የሚቀይረው ፕሮግራም) ካልተገኘ የፈንክሽን ስም ስለማይኖር በስም የተጻፈው ሁሉ አይሰራም፣ የላይብረሪ ስም ያለው ብቻ ይቀራል።

ፋይሉ የሚሰጠው ኤልሳን ኦፕሽንስ በሚለው ኢንቫይሮመንት ቫሪያብል ነው። ሲጨርስ የትኛው ስንት ጊዜና ስንት ባይት እንደደበቀ ራሱ ይነግራችኋል፣ ያንን ሰንጠረዥ አንብቡት።

አድረስ ሳኒታይዘርስ?

ሊክ ያልሆነውን ኤረር፣ ማለትም ከድንበር ውጪ መጻፍና ፍሪ የተደረገን መንካት፣ እንደ ቫልግሪንድ በሰፋ ሰፕሬሽን ማፈን አይቻልም። በዲዛይኑ የመጀመሪያው ኤረር ላይ ፕሮግራሙን ይገድለዋል፣ አስተካክሉት ነው መልእክቱ፣ እኔም እስማማለሁ። የማይቻል ከሆነ ክላንግ በሚባለው ኮምፓይለር ላይ ኮምፓይል ሲደረግ የሚሰጥ ኢግኖርሊስት አለ፣ "ፈን:" እና "ኤስአርሲ:" ብላችሁ ኮከብ ያለው ፓተርን ትጽፋላችሁ፣ ያ ኮድ ጭራሽ ቼክ ሳይገባበት ይኮምፓይላል። ልዩነቱን ልብ በሉ፣ ሪፖርት መደበቅ ሳይሆን እዛ ቦታ አለማየት ነው፣ እና ለመቀየር እንደገና ቢልድ ማድረግ አለባችሁ።

ዊንዶውስ ላይ ነኝ፣ ቫልግሪንድ የለም

ዶክተር ሜሞሪ የሚባል ተመሳሳይ ቱል አለ። እሱም *፣ ? እና ... ያውቃል፣ ፍሬሙ ግን የሞጁሉን ስም፣ ቃለ አጋኖና የፈንክሽኑን ስም ይዞ ነው የሚጻፈው፣ ስለዚህ በግራም በቀኝም ኮከብ ማድረግ ትችላላችሁ። በየሩኑ ሎግ ፎልደሩ ውስጥ ያገኘውን ሁሉ ሰፕሬሽን አድርጎ ስለሚያስቀምጥላችሁ ከዛ ኮፒ አድርጋችሁ ማስፋት ብቻ ነው። የሦስት ነጥቡ ወጥመድ እዛም ያው ነው።

ፓይተን ኤክስቴንሽን በሲ እየጻፍኩ ነው፣ ሺህ ኤረር ይወጣል

የፓይተን የራሱ አሎኬተር (ሜሞሪ የሚያድለው ክፍል) ነው፣ ለፍጥነት ሲል ቫልግሪንድ የማይወደውን ነገር ያደርጋል። የፓይተን ሶርስ ኮድ ውስጥ ሚስክ በሚለው ፎልደር ለቫልግሪንድ የተዘጋጀ የሰፕሬሽን ፋይል አለ። ከ3.6 ጀምሮ ግን ቀላሉ ፓይተንማሎክ የሚለውን ቫሪያብል ማሎክ ብሎ ማስኬድ ነው፣ አሎኬተሩ ራሱ ይቀየርና አብዛኛው ጫጫታ ሰፕሬሽን ሳያስፈልገው ይጠፋል። የናንተ ኤክስቴንሽን ሊክም በደንብ የሚታየው ያኔ ነው።

ፋይሉን የት ላስቀምጠው? ሲአይ (ኮድ ሲገባ ቴስቱን በራሱ የሚያስኬደው ሲስተም) ላይስ?

ከኮዱ ጋር ሪፖ ውስጥ። ሰፕሬሽንስ የሚለውን ኦፕሽን ደጋግማችሁ በመስጠት ብዙ ፋይል መጠቀም ስለምትችሉ በየላይብረሪው አንድ አንድ ፋይል አድርጉት፣ ላይብረሪውን ስትቀይሩ ፋይሉን ትጥሉታላችሁ። ቫልግሪንድ ከራሱ ጋር የሚመጣ ዲፎልት ፋይል አለው፣ እሱን አትንኩት፣ ሳትነኩትም ይሰራል። በየጊዜው መጻፍ ከሰለቻችሁ ሆም ፎልደራችሁ ውስጥ ያለው .ቫልግሪንድአርሲ ውስጥ አስገቡት፣ ግን እሱ የናንተ ማሽን ላይ ብቻ ስለሆነ ሲአይ ላይ ሌላ ውጤት ታያላችሁ፣ ለዛ ቫልግሪንድ ኦፕትስ የሚለውን ቫሪያብል እመርጣለሁ።

ሲአይ ላይ ኤረር-ኤግዚትኮድ የሚለውን ካልሰጣችሁ ቫልግሪንድ የፕሮግራሙን የራሱን ኤግዚት ኮድ ነው የሚመልሰው፣ መቶ ኤረር ቢኖርም አረንጓዴ ይሆናል። ከሰጣችሁት ሰፕሬስ ያልተደረገ ኤረር ሲገኝ ቀይ ይሆናል፣ የታፈነው አይቆጠርም። እና የሰፕሬሽን ፋይሉን የሚነካ ኮሚት እንደ ኮድ ሪቪው ይደረግ፣ ቴስት ቀይ ሲሆንበት ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ሦስት ነጥብ ጨምሮ የሚሄድ ሰው ሁሌም አይጠፋም፣ እኔ ነበርኩ።